የኬጂ ልዩ ቀን ከሳምንቱ ሥራ ይውጣ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የምዝገባ ሰሞን ነው። በሐዋሳ ያሉ መዋዕለ ሕፃናት ለወላጅ በሚያድሉት ወረቀት ላይ ከክፍያውና ከዩኒፎርሙ ቀጥሎ ጎልቶ የሚታየው የልዩ ቀናት ዝርዝር ነው፦ የቀለም ቀን፣ የፍራፍሬ ቀን፣ የባህል ቀን፣ የጉብኝት ቀን፣ የወላጆች ቀን፣ ምረቃ። ዝርዝሩ በረዘመ ቁጥር ትምህርት ቤቱ የተሻለ የሚመስለው ወላጅ ብዙ ነው። ልጁ በተራ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ምን ሲሠራ እንደሚገኝ የሚናገር መስመር ግን እዚያ ወረቀት ላይ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለዚያ ማክሰኞ ነው። ልዩ ቀን ይቅር አንልም። ከሳምንቱ ሥራ የሚወጣ እንጂ የሳምንቱን ሥራ የሚያስቆም አይሁን ነው የምንለው። ዓመቱ ሳይጀመር ብንናገር ለመምህራንም ለወላጆችም ይጠቅማል ብለን አስበናል።

የ4 ዓመት ልጅ ሰዓት ማየት አይችልም፤ ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ ግን ጥቂት ሳምንታት ከዋለ በኋላ ጠንቅቆ ያውቃል። የሚረጋጋውም በዚህ ነው። ስለዚህ የቀኑ ቅደም ተከተል አይቀያየር፦ 2:30 ላይ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ቀጥሎ በቡድን ሥራ፣ እጅ መታጠብና መክሰስ፣ ውጭ መጫወት፣ መጨረሻ ላይ ተረት። ክብ ሠርቶ መቀመጡ ለትንሾቹ የነርሰሪ ልጆች 10 ደቂቃ፣ ለትልልቆቹ ለዩኬጂ ቢበዛ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ እግር መወራጨት ይጀምራል፣ ቀጥሎ መቆነጣጠጥ ይመጣል፣ መምህሯም የቀረውን ጊዜ "ዝም በሉ" እያለች ትጨርሰዋለች። ልጆቹ ባለጉ ይባላል እንጂ ያለፈው ጊዜው ነው።

40 ልጅ ያለበት ክፍል በከተማችን ብርቅ አይደለም። እንዲህ ባለ ክፍል ሁሉንም ልጅ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ማሠራት ማለት 30ዎቹ 10ሩን ሲጠብቁ መዋል ማለት ነው። የሚያዋጣው በ4 ቡድን፣ አሥር አሥር አድርጎ መክፈል ነው። አዲሱ ሥራ መምህሯ ዘንድ አንድ ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ቡድን ከረዳቷ ጋር ይቀመጥ፤ የቀሩት ሁለቱ ያለ ሰው እርዳታ የሚችሉትን ይያዙ፤ በእንጨት ብሎክ መገንባት፣ የቤት ጥግ፣ መጽሐፍ ማገላበጥ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አራቱንም ጥግ በአዲስ ነገር ሲሞሉት ነው፤ አራት ቦታ "ሚስ! ሚስ!" ይጮሃል፣ አንዱም በወጉ አይሠራም። አንድ ዙር 20 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ዙር ከሆነ፣ ሰኞና ማክሰኞ እያንዳንዱ ልጅ አራቱንም ጥግ ያዳርሳል። ረቡዕና ሐሙስ ያው ይደገማል፤ ሁለተኛው ዙር የሚናቅ አይደለም፣ ልጅ በመጀመሪያው የነካውን በሁለተኛው ነው የሚያስበው። ዓርብ መጨረስ፣ መነጋገርና ለወላጅ መላክ ነው።

አንድ ሳምንት እንውሰድ፤ ርዕሱ ውሃ ይሁን። ሐይቅ ዳር ለሚያድግ ልጅ ከዚህ የቀረበ ርዕስ አይገኝም። የሚያስፈልገው አንድ ሰፊ ሳፋ፣ የሃይላንድ ክዳን፣ ማንኪያ፣ ድንች፣ ቅጠል፣ ሁለት ብርቱካን፣ ተራ ጠጠርና አንድ ቁራጭ ፑሚስ ነው። ፑሚስ ብሎኬት ከሚመረትበት ቦታ ሁሉ ይገኛል፤ የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የተፋው፣ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ድንጋይ ነው። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ሥራው እንዳለቀም ወዲያው ይደፋ፤ ትንሽ ልጅ ለመስጠም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም። ፑሚሱን አስቀድሞ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ብናኙ ዓይን ይፍቃል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ የሚያበላሸው የመምህሯ ጥድፊያ ነው። ወለሉ ላይ ሁለት ወረቀት ይዘረጋል፤ አንዱ ላይ ውሃ አናት ላይ ያለ ነጥብ፣ ሌላው ላይ ውሃ ሥር ያለ ነጥብ ይሳላል። ልጁ ዕቃውን ውሃ ውስጥ ከመክተቱ በፊት "ይንሳፈፋል" ወይም "ይሰምጣል" ብሎ ከሁለቱ በአንዱ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ይሞክራል። መልሱን መምህሯ ቀድማ ከነገረች ሥራው እዚያው ሞተ። ጠጠሩ ሲሰምጥ ማንም አይደነቅም። ፑሚሱን ግን "ድንጋይ ነው" ብለው የመስመጥ ወረቀት ላይ ያኖሩታል፣ ውሃው ላይ ሲቀመጥ ደግሞ እጃቸውን ጭነው ሊያሰምጡት ይታገላሉ። ይታገሉ። ብርቱካኑ ከነልጣጩ ይንሳፈፋል፣ ሲላጥ አብዛኛውን ጊዜ ይሰምጣል፤ በልጣጩ ውስጥ የነበረው አየር ስለሄደ ነው። ያንን ብርቱካን የሚበላ አይኑር፤ ሳፋው ውስጥ ስንት እጅ ገብቷል!

ሰኞ አንድ የፑሚስ ቁራጭ ክዳን ባለው ግልጽ ብልቃጥ ውስጥ ውሃ ላይ ተጥሎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። ቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ ውሃ ይጠጣሉ፣ ድንጋዩም እየከበደ ዝቅ ይላል። በየጠዋቱ አንድ ልጅ የት እንደደረሰ በማርከር ያሰምራል። እስከ ዓርብ ላይሰምጥ ይችላል፤ ቁራጩ ትልቅ ከሆነ በተለይ ብዙ ይቆያል። ችግር የለውም፣ በሚቀጥለው ሰኞ ክብ ሲሠሩ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ክዳኑን ያልነው ለልጆቹ ብቻ አይደለም፤ ወባ ባለበት ከተማ ክፍል ውስጥ የተከፈተ ውሃ ለሳምንት ማቆየት ትንኝ ማርባት ነው።

የጨዋታ ሊጥ ደግሞ የዓመቱ ሁሉ ዕቃ ነው፤ ከገበያ መግዛት አያስፈልግም። ለ10 ልጅ 4 ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ 2 ብርጭቆ ደቃቅ ጨው፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ውሃ ደግሞ ከአንድ ተኩል እስከ 2 ብርጭቆ። ውሃው በአንድ ጊዜ አይገለበጥ፤ ዱቄት ከዱቄት ስለሚለያይ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ማሸት ነው። ከተጣበቀ በማንኪያ ዱቄት፣ ከተፈረፈረ ጥቂት ዘይት። ልጆቹ ራሳቸው ይስፈሩ፤ ቁጥር ከመጻፍ በፊት ቁጥር በብርጭቆ መቁጠር ይቀድማል። ለቢጫ እርድ፣ ለቀይ የቀይ ሥር ውሃ ይሆናል፤ የቀይ ሥሩ ግን ሲቆይ ይደበዝዛል። በርበሬ ለቀለም የሚጨምር እንዳይኖር፤ ልጅ በዚያው እጁ ዓይኑን ያሻል። ጨው ሻጋታ ይከላከላል፤ ጣቱ የቆሰለን ልጅ ግን ያቃጥለዋል፣ ለእሱ ሌላ ሥራ ይፈለግለት። በክረምት ሊጡ "ያልባል"፤ ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበት ስለሚስብ ነው፣ አልተበላሸም፤ ጥቂት ዱቄት ጨምሮ ማሸት ይበቃል። ሽታው ከተለወጠ ወይም ነጠብጣብ ካወጣ ግን ይጣል። በክዳን ዕቃ ተዘግቶ አንድ ሳምንት ማገልገሉ በቂ ነው።

"እህል መጫወቻ ይሆናል ወይ?" የሚል ወላጅ አለ፤ ቅሬታው ተገቢ ነው፣ ዱቄት በዚህ ዋጋ። እንዲህ የሚል ወላጅ ላለበት ክፍል የሸክላ አፈር ይሻላል። አፈሩ ተነፍቶ፣ አንድ ሌሊት በውሃ ተዘፍዝፎ፣ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው ይታሻል። የሠሩት ነገር በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከወጣ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይሰነጠቃል፣ የሠራው ልጅም ያለቅሳል።

ዘር ማብቀል ሁሉም ክፍል ይሞክረዋል፣ ብዙው ክፍል ግን ዓርብ ይጀምረዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በሐዋሳ ሙቀት ቦሎቄ ከተዘፈዘፈ በኋላ በሁለትና ሦስት ቀን ሥሩን ማውጣት ስለሚጀምር፣ ዓርብ የተጀመረው ቅዳሜና እሑድ ማንም በሌለበት ይበቅላል፤ ልጆቹ ሰኞ ሲመጡ ያለቀ ነገር ያያሉ። እሑድ ማታ ተዘፍዝፎ ሰኞ ቢጀመር ረቡዕና ሐሙስ ነጩ ሥር ሲወጣ በዓይናቸው ያዩታል። የውሃ መያዣ ፕላስቲክ ከወገቡ ይቆረጥ፣ የተቆረጠው ጠርዝ በፕላስተር ይሸፈን፣ ግድግዳው በሶፍት ይለበጥ፣ ቦሎቄው በሶፍቱና በፕላስቲኩ መካከል ይሰካ፣ ከታች አንድ ጣት ስፋት ያህል ውሃ ይደረግ። ፍሬው ራሱ ውሃ ውስጥ ከገባ ይበሰብሳል። ልጆች በፍቅር ብዛት በየሰዓቱ ውሃ ስለሚጨምሩ የውሃ ተራ ለአንድ ልጅ በቀን አንድ ጊዜ ይሰጥ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንከር አድርገን እንናገር። ቦሎቄ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ገብቶም ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ከዚያ በኋላ የሐኪም ሥራ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ ተቆጥሮ 2 ይሰጥ፣ ተቆጥሮ ይመለስ፤ የጠፋ ካለ ጨዋታው ይቁምና ይፈለግ። ጥሬውን የሚያኝክም አለ፤ ጥሬ ቦሎቄ ሆድ ያውካል፣ የሚበላው በደንብ ሲቀቀል ነው። ለነርሰሪ ልጆች ይህ ሥራ በመምህሯ እጅ ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ልዩ ቀኑ እንምጣ። የውሃው ሳምንት ካለቀ በኋላ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል መሄድ ጉብኝት ነው፤ ሳምንቱ ሳይኖር መሄድ ግን ሽርሽር ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ምንም እንኳ የሚከፈለው ገንዘብ አንድ ቢሆን። ውሃ ላይ ምን እንደሚንሳፈፍ ሲሞክር የከረመ ልጅ ጀልባውን ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ ይዞ ይሄዳል። ሌላው ጦጣ አይቶ ይመለሳል።

ለዚህ ጉዞ 20 ልጅ ይበቃል፤ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ሐሙስ ይሂድ። ለ5 ልጅ አንድ አዋቂ፣ አንድ አዋቂ ከፊት አንድ ከኋላ። በየ60 ሴንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ይዘው ቋጠሮ ለልጅ ይታደላል፤ "እጅ ለእጅ ተያያዙ" የሚለው መንገድ መሻገሪያ ላይ ይፈታል፣ ቋጠሮ ግን አይፈታም። ደረት ላይ የሚለጠፈው ካርድ የትምህርት ቤቱን ስልክ እንጂ የልጁን ስም አይያዝ፤ በስሙ የጠራውን እንግዳ ልጅ ያምነዋል። ባጃጅ ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ልጅ አጭቆ መሄድ የተለመደ ቢሆንም ልማዱ አደጋ ነው፤ ቅርብ ከሆነ በእግር፣ ሩቅ ከሆነ ሁሉም ልጅ ወንበር ኖሮት የሚቀመጥበት መኪና።

ጥሩው ሰዓት ጠዋት ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ ያመጡት ሲዘረገፍ፣ አባ ኮዳዎቹ ሆድ ዕቃ ለመልቀም ሰው ሰው እያዩ ሲንጎራደዱ። እነዚህ ወፎች ከነርሰሪ ልጅ ቁመት ጋር የሚስተካከሉ ስለሆኑ አዋቂው በልጆቹና በወፎቹ መካከል ይቁም። መክሰስ ዚፕ ባለው ቦርሳ፣ በአዋቂ እጅ ይሁን፤ ጦጣዎቹ ሙዝ የያዘ ልጅ አይምሩም። እግር ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ጉማሬም አለ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ብቻ የሚታይ ነገር ይሰጠው፤ አንዱ ቡድን የወፍ እግር፣ አንዱ ጀልባ፣ አንዱ የሰዎቹን እጅ ሥራ፣ አንዱ መረብ። ሁሉንም እዩ ማለት ምንም አትዩ ማለት ነው።

ከመመለስ በፊት ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ይገዛ፤ ሙሉውን፣ ቅርፊቱ ሳይነሣ፣ ሆዱ ሳይቀደድ። የዓሣ ቅርጽ በቀለም ወረቀት ላይ ለማተም የሚሆነው እሱ ነው። በጀርባው ያሉት እሾሆች ስለሚወጉ አዋቂ በመቀስ ይቁረጣቸው። ዓሣው በሎሚና በውሃ ታጥቦ በጨርቅ በደንብ ይደርቃል፤ እርጥብ ከሆነ ቀለሙ ይፈስና ቅርጽ አይወጣም። የውሃ ቀለም በስፖንጅ ስስ ሆኖ ይቀባል፤ ወፍራም ከሆነ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ዓሣ ሳይሆን ነጠብጣብ ነው። ስስ ወረቀት ከላይ ይነጠፍና ልጁ ከጭንቅላት ወደ ጅራት በመዳፉ አንድ ጊዜ ያሻል። ሁለት ጊዜ ከታሸ ምስሉ ድርብ ይሆናል። ወረቀቱ ሲነሣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ፣ ክንፉ በየጭረቱ ይታያል። አንድ ቅብ ለሁለት ልጅ ይበቃል። ሁሉም በተመለሱበት ጠዋት ይለቅ፤ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው አይኖርም። ዓሣው ተቀብቷልና አይበላም፤ ለድመት እንዳይተርፍ ጠለቅ ተደርጎ ይቀበር። የእያንዳንዱ ልጅ ሥራ ግድግዳው ላይ በልጁ ዓይን ከፍታ ይሰቀል፤ ብዙ ክፍል ውስጥ የልጆች ሥዕል የተሰቀለው የጎብኚ ዓይን በሚደርስበት ነው።

የቀለም ቀን ላይ ብዙ አንቆይም። ወላጅን ለአንድ ቀን ቢጫ ቲሸርት ማስገዛት ልጁን ስለ ቢጫ ምንም አያስተምረውም። ከቤት አንድ ቢጫ ነገር ይምጣ፣ በማግሥቱ ይመለስ። እርድ በውሃ በጥብጦ ነጭ ወረቀት ላይ ቀብቶ፣ ሲደርቅ በሳሙና ውሃ በጥጥ መንካት ደግሞ ለአንድ ቀን በቂ ትንግርት ነው፤ ቢጫው ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል። ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ይመለሳል። ሽርጥ አይረሳ፣ እርድ ልብስ ይይዛል።

ልደት ዋናው የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። አንዱ ወላጅ ባለ ሁለት ፎቅ ቶርታ ይልካል፣ የሌላው ልጅ ልደት ማንም ሳያውቀው ያልፋል፤ ልጆች ደግሞ ይህን ይቆጥራሉ። በወሩ የተወለዱት ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ድፎ ዳቦ ይከበሩ። ቀኑ ዓርብ መሆኑ ግን አያዋጣም፤ ዓርብና ረቡዕ ጾም ነው፣ ቅቤና እንቁላል ያለበት ነገር ለሚጾመው ቤተሰብ ልጅ አይሆንም። የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ይሻላል፤ በዓቢይ ጾምና በረመዳን ደግሞ ወላጅ አስቀድሞ ይጠየቅ። ፊኛ አይግባ፤ የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ሲለጠፍ ለማውጣት እጅግ ያስቸግራል። ፈንድሻ፣ ለውዝና ቆሎም ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥ። ቆሎ ስንል ቅር የሚላቸው እንዳሉ እናውቃለን፤ ነገር ግን የትንሽ ልጅ መንጋጋ ቆሎ አይፈጭም፣ እየሮጠና እየሳቀ ሲበላ ደግሞ ወደ ሳንባ የሚሄድ መጠን ነው። ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ አቮካዶ የተቀባ ዳቦ አለልን፤ አቮካዶ በሲዳማ ምድር ጠፍቶ አያውቅም።

ፍቼ ጨምበላላ ለብቻው ይታሰብ። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ይህ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለያይ፣ የሚወስኑትም ከዋክብትን የሚመለከቱት አያንቶዎች ስለሆኑ፣ መስከረም ላይ በሚታተም የትምህርት ቤት ካላንደር ላይ ቀን ቆርጦ መጻፍ አይቻልም። ብዙ ኬጂ ግን ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ በችኮላ ይሆናል። መፍትሔው አንድ ሳምንት ተንሳፋፊ አድርጎ መያዝ ነው፤ ቁሳቁሱ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፣ ቀኑ ሲነገር የያዙት ሳምንት ይገፋና እሱ ይገባል። ሥራው ራሱ ከበዓሉ ይገኛል። በጨምበላላ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ "አይዴ ጨምበላላ" ብለው ጎረቤት ይሳለማሉ፣ ቡርሳሜ የሚባለው ምግብም ይቀርብላቸዋል። በትምህርት ቤት ደግሞ ከክፍል ወደ ክፍል ይሂዱ፤ አምስት አምስት ሆነው፣ አንኳኩተው፣ ሰላምታ ሰጥተው፣ ቀምሰው፣ አመስግነው። በር ማንኳኳት፣ ተራ መጠበቅ፣ ለማያውቁት መምህር ቀና ብሎ መናገር፣ ይህ ሁሉ ለ5 ዓመት ልጅ ከባድ ትምህርት ነው። ሲዳሙ አፎ (የሲዳማ ቋንቋ) በቤታቸው የሚነገር ልጆች በዚያ ቀን ለሌሎቹ መሪ ይሁኑ። ቡርሳሜው ከእንሰት በቅቤ የሚሠራ ስለሆነ ጾም ከገጠመ ቅቤ ያልገባበት ድርሻ ይለይ። በሱቅ የተገዛ የባህል ልብስ የግድ አይሁን፤ ያለው ይለብሳል፣ የሌለው ዩኒፎርሙን።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ላላቸው የግል ኬጂዎች ነው የሚል ይኖራል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ከ1ኛ ክፍል በፊት ያለውን ኦ ክፍልን ካስተዋወቀ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚማሩት ሕፃናት ብዙ ናቸው፣ ክፍሎቹም ባዶ የሆኑበት ቦታ አለ። ግን ከላይ የቆጠርናቸውን ዕቃዎች ይመልከቷቸው፤ ሳፋ፣ ፑሚስ፣ ቦሎቄ፣ አፈር፣ የተጣለ ፕላስቲክ። እጅ ማስታጠቢያ ከሌለ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በእንጨት ላይ አንጠልጥሎ፣ አፉ ሥር ቀዳዳ አውጥቶ፣ በገመድ ከእግር መርገጫ ጋር ማሰር ነው፤ ለ40 ልጅ አንድ ዙር ይበቃል። ቀዳዳው ከምስማር ውፍረት አይለፍ፣ ሰፋ ካለ ከግማሹ ልጅ በፊት ያልቃል።

ለወላጅ የሚላከው የዓርብ ወረቀት አራት መስመር ቢሆን በቂ ነው፤ ምን ሠሩ፣ ምን ጠየቁ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ምን ይምጣ፣ ቤት ምን ይሞከር። "ዛሬ ምን ተማርክ?" ሲባል "ምንም" የሚል ልጅ፣ "ድንጋዩ ሰመጠ ወይ?" ሲባል እራት እስኪቀርብ ያወራል። ደብተሩ በኤ ቢ ሲ ካልተሞላ ልጄ አልተማረም የሚለው ወላጅም የሚለዝበው በዚህ ወረቀት ነው እንጂ በስብሰባ አይደለም።

ምረቃን መጨረሻ ላይ ያደረግነው ብዙ ስለሚያናግር ነው። ልምምዱ ከግንቦት ጀምሮ የጠዋቱን ጊዜ ይበላል፤ ልጆች ትርጉሙን የማያውቁትን የእንግሊዝኛ ግጥም ይሸመድዳሉ፣ በዕለቱ ከኪራይ ድምፅ ማጉያ አጠገብ ተቀምጠው ፀሐይ ላይ ተራ ይጠብቃሉ፣ መድረክ ላይ ሲወጡ የሚያለቅሰው ከሚናገረው ይበዛል። በዚያ ፈንታ አንድ ጠዋት ክፍሉ ይከፈት። ወላጆች በሦስት ዙር፣ በግማሽ በግማሽ ሰዓት ይምጡ፤ ልጁ ራሱ እጃቸውን ይዞ ሳፋው ዘንድ፣ ሊጡ ዘንድ፣ መጽሐፉ ዘንድ ይውሰዳቸው፣ በመጨረሻ የራሱን ፋይል ይክፈትላቸው። ፋይሉ ውስጥ ከመስከረም እስከ ሰኔ በየወሩ "ራስህን ሳል" ተብሎ የሣላቸው 10 ሥዕሎች ይኖራሉ፣ ጀርባቸው ላይ ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ፣ ማንም ሳያርማቸው። በመጀመሪያው ላይ እግር ከጭንቅላት ይወጣል፤ ወደ መሃል ሆድ ይመጣል፤ በኋለኞቹ ላይ ጣት፣ ፀጉር፣ አንዳንዴም የጫማ ማሰሪያ ይታያል። ከዚህ የተሻለ ሰርተፊኬት የሚሰጥ ኬጂ አናውቅም።

ወላጆች "ጋዋን ከሌለ አይሆንም" ካሉ ለክፍሉ ሁሉ መከራየት አያስፈልግም። 5 ጋዋን ተከራይቶ ልጆቹ ተራ በተራ ፎቶ ይነሡበት። ፎቶው ግን ከመክሰስ በፊት ይሁን፤ ከመክሰስ በኋላ ነጩ ኮሌታ ነጭ ሆኖ አይመለስም፣ አከራዩም ያስከፍላል።

በቅድመ መደበኛ ትምህርት የምንሠራ መምህራን
ሐዋሳ